ከፍሎረንስ እስከ ኒስ፦ ሃያ አንድ ቀን በሰከንድና በነጥብ ሒሳብ

ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ፍሎረንስ

ነገ ከዚህ የሚነሳው 111ኛው የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ነው። ውድድሩ ከጣሊያን ምድር ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው። 22 ቡድን፣ ከየቡድኑ 8 ጋላቢ፣ በድምሩ 176 ሰው ይሰለፋል። መንገዱ 3 ሺህ 498 ኪሎ ሜትር ሲሆን በ21 የውድድር ቀንና በ2 የዕረፍት ቀን ያልቃል። ሽቅቡ ብቻ ሲደመር ከ52 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ፓሪስ ለኦሊምፒክ መክፈቻ እየተዘጋጀች ስለሆነ መጨረሻው ዘንድሮ ኒስ ነው።

አስፋልቱ አንድ ነው፤ በላዩ የሚካሄደው ውድድር ግን አምስት ነው። ቢጫው ማሊያ የሰዓት ነው። የእያንዳንዱ ጋላቢ ሰዓት በየቀኑ ይደመራል፤ ድምሩ ትንሽ የሆነለት ይለብሰዋል። አረንጓዴው የነጥብ ነው። እዚህ ላይ በስንት ሰከንድ እንደተቀደመ የሚጠይቀው የለም፤ የሚታየው ስንተኛ እንደገባ ነው። ነጭ ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት በየተራራው ጫፍ ላይ በሚሰጥ ነጥብ ይገኛል። ነጩ እንደ ቢጫው በሰዓት ይለካል፤ ግን ለወጣቶች ብቻ ነው፣ ዘንድሮ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1999 ወዲህ ለተወለዱት። አምስተኛው የቡድን ነው፤ በየቀኑ የቡድኑ ሦስት ፈጣን ጋላቢዎች ሰዓት ተደምሮ ይያዛል።

የአረንጓዴውን ታሪፍ በቃል መያዝ ይበጃል። ለሜዳ ቀን አንደኛ 50፣ ሁለተኛ 30፣ ሦስተኛ 20 ነጥብ ይሰጣል፤ እያነሰ ሄዶ 15ኛው 2 ያገኛል። በከባድ ተራራ ቀንና በግል የሰዓት ውድድር (ክሮኖ በሚሉት) ግን አንደኛው የሚያገኘው 20 ብቻ ነው። በየቀኑ መንገድ መካከል ላይ ደግሞ አንድ የፍጥነት መስመር አለ፤ እሱም ለአንደኛው 20፣ ለ15ኛው 1 ይሰጣል። ታሪፉ እንዲህ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። ተራራ ወጪው ቢጫውን ሲወስድ አረንጓዴው ለፈጣን ጨራሽ (በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሁሉን ለሚቀድም ሰው) እንዲተርፍ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይናችን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከአሥመራው ልጅ ከቢኒያም ግርማይ የሚጠበቀው በዚህ ታሪፍ የሚቆጠር ነው።

ሰኔ 22፣ ፍሎረንስ – ሪሚኒ፣ 206 ኪሎ ሜትር

ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ የሚያቃጥል ነበር። ሰባት ሽቅብ፣ ወደ 3 ሺህ 600 ሜትር መውጣት፤ ለመጀመሪያ ቀን ከባድ ነው። ሮማን ባርዴ ከዋናው ጭፍራ (ተጠጋግቶ አብሮ ከሚጋልበው ብዙው ሰው) አፈትልኮ ወጣ፤ ከፊት ቀድሞ የወጣው የቡድን ጓደኛው ፍራንክ ፋን ደን ብሩክ ደግሞ ጠብቆት ንፋሱን እየተቀበለለት አብረው ሪሚኒ ደረሱ። ጭፍራው በ5 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ጋላቢ 5 ሰከንድ 70 ሜትር ገደማ ነው፤ በዓይን የሚታይ ርቀት ነው።

ሁለት ሰው ከመቶ በላይ ጋላቢ ሲያመልጥ እንደ ተአምር ይታያል። ነገሩ ግን የአሳዳጆቹ ስሌት ነው። በጭፍራው ውስጥ ንፋስ ተከልሎ የሚጋልብ ሰው ከፊት ካለው እጅግ ያነሰ ጉልበት ያወጣል። ስለዚህ ማንም ፊት ወጥቶ ጉልበቱን መጨረስ አይፈልግም፤ አንዱ ቡድን ሌላውን ሲጠብቅ ሰዓቱ ያልፋል። ባርዴ ቢጫውን ለበሰ። ከሰዓቱ ላይ 10 ሰከንድ ተቀነሰለት፤ አንደኛ 10፣ ሁለተኛ 6፣ ሦስተኛ 4 ሰከንድ ይቀነስላቸዋል። ክሮኖ ቀን ላይ ይህ ቅናሽ የለም።

ከኋላ የነበረው ሌላ ታሪክ ነው። ፈጣን ጨራሹ ማርክ ካቨንዲሽ ገና በመጀመሪያዎቹ ሽቅቦች ሙቀቱ መትቶት አስመለሰው። የቡድን ጓደኞቹ ከበውት፣ ውሃ እያፈሰሱበት ጎተቱት። ይህን የሚያደርጉት በሰዓት ገደቡ ምክንያት ነው። የቀኑ አሸናፊ በገባበት ሰዓት ላይ የተወሰነ በመቶ ይጨመራል፤ መቶኛው የመንገዱን ክብደትና የአሸናፊውን ፍጥነት አይቶ ይለያያል። ከዚያ በኋላ የገባ ሰው በማግስቱ አይነሳም። አሸናፊው 5 ሰዓት ቢፈጅበትና ገደቡ 15 በመቶ ቢሆን 45 ደቂቃ ነው ያለህ ማለት ነው። ካቨንዲሽ ደረሰ። ከአራት ቀን በኋላ የሚሆነው ሁሉ በዚህ ቀን ተርፎ በመግባቱ ላይ የቆመ ነው።

ሰኔ 23፣ ቼዜናቲኮ – ቦሎኛ

የሳን ሉካ አቀበት ሁለት ጊዜ ተወጣ። ርዝመቱ 1.9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን በአማካይ ከ10 በመቶ በላይ ይቆማል። ከፊት ያመለጠው ኬቨን ቮክላ ቀኑን ሲወስድ፣ ከኋላ ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ለማምለጥ ድንገት ፈጥኖ ተነሳና ዴንማርካዊው ዮናስ ቪንጌጎር ብቻ ተከተለው። ሬምኮ ኤቨንፑልና ሪቻርድ ካራፓዝ ቁልቁሉ ላይ ደረሱባቸው። ማታ ላይ አራቱም በአንድ ሰዓት እኩል ሆኑ፤ ቢጫውን ፖጋቻር ለበሰ። የነጠብጣቡ ማሊያ በኖርዌዩ ዮናስ አብራሃምሰን እጅ ነው።

ሰኔ 24፣ ፒያቼንሳ – ቶሪኖ፣ 230.8 ኪሎ ሜትር

የዘንድሮው ረጅሙ ቀን ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ለተመልካች አራት ሰዓት ሙሉ ምንም የማይፈጠርበት ይመስላል። ለፈጣን ጨራሾች ግን የመጨረሻው 10 ኪሎ ሜትር ከጠዋት ጀምሮ የሚዘጋጁለት ነው። ቡድኑ ፈጣን ሰውን ከፊት ከ10ኛው እስከ 15ኛው ቦታ ባለው ውስጥ ይዞ መግባት አለበት። ከዚያ ወደ ኋላ የሆነ፣ ፊቱ አንድ ሰው ፍሬን ቢይዝ አብሮ ይቆማል። በጣም ቀድሞ ፊት የወጣ ደግሞ ንፋሱን ለብቻው ተቀብሎ 300 ሜትር ሲቀረው ያልቃል።

በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ጋላቢዎች ወድቀው ጭፍራው ተከፈለ፤ የበርካታ ቡድኖች አሰላለፍ ፈረሰ። ቢኒያም ያኔ ፊት ነበር። የሌላ ቡድን ጋላቢዎችን የኋላ ጎማ ተከትሎ ተጠጋ፣ በአጥሩ ጎን በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ገባ፣ ፈርናንዶ ጋቪሪያንና አርኖ ደ ሊን ቀድሞ መስመሩን አለፈ። በቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቀን ድል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። እዚህ ላይ የእኛንም መዝገብ ማንሳት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት የነጠብጣቡን ማሊያ ለብሶ ነበር። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በዚህ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ቶሪኖ ላይ የሆነው በእነዚያ ዓመታት ላይ የተገነባ ነው።

በቢጫው በኩል የሆነው ለሕጉ ፍቅር ላለው ሰው ደስ ይላል። አራቱ አሁንም በሰዓት እኩል ናቸው። በሰዓት እኩል ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው በክሮኖ ላይ የተያዘው የሰከንድ ስባሪ ነው፤ ክሮኖ ግን ገና አልተካሄደም። ስለዚህ በየቀኑ የገቡበት ቦታ ተደምሮ ትንሹ ይወስዳል። ካራፓዝ ይህን አውቆ በመጨረሻው ፍትጊያ (ወደ መስመሩ በሚደረገው የፍጥነት ሽቅድምድም) ላይ ወደ ፊት ተጠጋና 14ኛ ገባ። አንድም ሰከንድ ሳያተርፍ ቢጫውን ለበሰ፤ ለኢኳዶርም የመጀመሪያዋ ሆነ።

ሰኔ 25፣ ፒኔሮሎ – ቫሉዋር

ጋሊቢዬ በ2 ሺህ 642 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ቆሞ ለማየት የሚመጣ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የተራራው መንገድ ለመኪና የሚዘጋው ጋላቢዎቹ ከመድረሳቸው ብዙ ሰዓት በፊት ነው። የማስታወቂያ መኪኖቹ ሰልፍ ከውድድሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ ያልፋል። ስለዚህ ቦታ የሚያዝ ከሆነ በጠዋት፣ ከተቻለም በዋዜማው ነው። በአውሮፓ በጋ ነው ተብሎ ካፖርት ሳይያዝ አይወጣም፤ ከመንገዱ ዳር የበረዶ ግድግዳ ነበር።

ፖጋቻር ጫፉ ሊደርስ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀረው ተነሳና ቁልቁሉን ለብቻው ወረደ። ቫሉዋር ሲገባ ኤቨንፑልን በ35፣ ቪንጌጎርን በ37 ሰከንድ ቀደመ። ሁለቱን የሚለያቸው 2 ሰከንድ ነው። ማታ በወጣው ሠንጠረዥ ላይ ግን ኤቨንፑል 45፣ ቪንጌጎር 50 ሰከንድ ወደኋላ ሆኑ፤ ልዩነታቸው 5 ሆነ። ከየት መጣ? የጋሊቢዬ ጫፍ የሰዓት ቅናሽ ያለበት ነበር፤ አንደኛ 8፣ ሁለተኛ 5፣ ሦስተኛ 2 ሰከንድ። ፖጋቻር 8 ጫፉ ላይ፣ 10 መጨረሻው ላይ፣ በድምሩ 18 ተቀነሰለት። ኤቨንፑል 2 ጫፉ ላይና ሁለተኛ ስለገባ 6፣ በድምሩ 8 አገኘ፤ 35 ሲደመር 10፣ 45። ቪንጌጎር ጫፉን ሁለተኛ አልፎ 5 አግኝቷል፤ ከሦስቱ ውጪ ስለገባ ግን ሌላ የለውም። 37 ሲደመር 13፣ 50። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የተራራ ቀን ሁሉ በዚህ መንገድ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሰኔ 26፣ ሴን ቩልባስ

በመጀመሪያው ቀን ሲያስመልስ የነበረው ካቨንዲሽ፣ በ39 ዓመቱ፣ 35ኛ የቀን ድሉን አገኘ። ከኤዲ መርክስ ጋር እኩል ይዘውት የነበረውን 34 አልፎ ክብረ ወሰኑ የእሱ ብቻ ሆነ። በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየዘለለ ቦታ ሲለውጥ ጉልበት ሳያባክን ነበር፤ ይህ በጡንቻ ሳይሆን በልምድ የሚገኝ ነው። አረንጓዴው ማሊያ ዛሬ ወደ ቢኒያም ትከሻ ተዛወረ።

ሰኔ 27፣ ዲጆን

ዲላን ግሩነቬገን በፎቶ ተለይቶ አሸነፈ። በአረንጓዴው የቢኒያም ተቀናቃኝ የሆነው ያስፐር ፊሊፕሰን ሁለተኛ ገብቶ ነበር፤ ዳኞቹ ግን በፍትጊያው ላይ መስመሩን ለቆ ዎት ፋን አርትን ወደ አጥሩ እንደዘጋ ፈርደው 107ኛ አደረጉት። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ፍትጊያ ከተጀመረ በኋላ የያዝከውን መስመር ለቀህ ሌላውን ማጥበብ አይፈቀድም። ቢኒያም ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ከፍ አለ፤ 20 የነበረው 30 ሆነለት። ፊሊፕሰን ያጣው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ነው። አረንጓዴውን የሚከታተል ሰው ይህችን ማታ እንዳይረሳት።

ሰኔ 28፣ ክሮኖ፣ 25.3 ኪሎ ሜትር

በቡርጎኝ የወይን እርሻዎች መካከል፣ ከኑዊ ሴን ጆርጅ እስከ ዤቭሬ ሻምበርታን። አንድ አንዱ በየተራው ይነሳል፤ ንፋስ የሚከልል ጓደኛ የለም። ብስክሌቱም ሌላ ነው። ክንድ የሚያስቀምጡበት የተዘረጋ መሪ፣ የኋላ ቸርኬው ሙሉ ዝግ የሆነ፣ ረጅም ጭራ ያለው ሄልሜት። ኤቨንፑል ፖጋቻርን በ12 ሰከንድ ቀደመ፤ ልዩነቱ ከ45 ወደ 33 ወረደ። ነጩ ማሊያ ከእንግዲህ ከእጁ የሚወጣ አይመስልም።

ሰኔ 29፣ ኮሎምቤ ሌ ዱ ዜግሊዝ

አብራሃምሰን ቀኑን አብዛኛውን ለብቻው ፊት ጋለበ። ትንንሽ ሽቅቦች ላይ 1 እና 2 ነጥብ እየለቀመ ነጠብጣቡን ያቆያል። ከደረጃ ውጪ የሚባለው ትልቁ ተራራ 20 ይሰጣል፣ አንደኛ ደረጃ 10፣ ሁለተኛ 5፣ ሦስተኛ 2፣ አራተኛ 1። ስለዚህ ገና ትልልቆቹ ተራሮች ሳይመጡ ትንንሾቹን የለቀመ ሰው ማሊያውን ለብሶ ይሰነብታል። ጭፍራው ከመጨረሻው በፊት ደረሰበት።

ወደ ጄኔራል ደ ጎል መንደር የሚገባው የመጨረሻው መንገድ ሽቅብ ነበር። ሽቅብ ፍትጊያ ላይ ግዙፉ ጨራሽ ቶሎ ይደክማል፤ ቢኒያም ደግሞ ጥንካሬው እዚህ ነው። ፊሊፕሰንን ፊት ለፊት አሸነፈው። የመጀመሪያው ድል ከውድቀት በኋላ የመጣ ነበር ለሚል ሁሉ ይህኛው መልስ ነው።

ሰኔ 30፣ ትሯ – ትሯ፣ 199 ኪሎ ሜትር

ዛሬ 14 ቦታ ላይ፣ በድምሩ 32.2 ኪሎ ሜትር ፒስታ ነበር። የሻምፓኝ አገር ነጭ ኮረኮንች፣ አቧራው ከኋላ ያለውን የሚያሳውር። ብዙዎች እንዲህ ላለው ቀን 30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ያስገባሉ። የዘመኑ ጎማ ያለ ካላማዳሪያ ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ ማሸጊያ ይፈስበታል፣ ትንሽ ቀዳዳ ሲፈጠር ፈሳሹ ራሱ ይደፍነዋል። ንፋሱን በጣም ከሞሉት ጎማው ጠጠር ላይ ይንጣጣል፣ መጨበጫ ያጣል፤ በጣም ካነሱት ደግሞ ጠርዝ ያለው ድንጋይ ቸርኬውን ይመታዋል። ትክክለኛው ልክ በጋላቢው ክብደት ነው የሚወጣው፤ ሜካኒኮቹ ማለዳ አንድ በአንድ የሚለኩት ለዚህ ነው።

ፒስታ ላይ የሚያስፈራው ጎማ መተንፈሱ ብቻ አይደለም። የቡድኑ መኪና በጠባቡ መንገድ ከጭፍራው ኋላ ተዘግቶ መቅረቱ ነው። ቪንጌጎር ጎማው ሲተነፍስ መኪናውን አልጠበቀም፤ የጓደኛውን የያን ትራትኒክን ብስክሌት ወስዶ እስከ መጨረሻው በዚያው ጋለበ። አጋዥ ሲመረጥ ቁመቱ ከመሪው ጋር የሚቀራረብ መኖሩ የሚፈለገው ለእንዲህ ያለው ደቂቃ ነው። ቀኑን አንቶኒ ቱርጂስ ወሰደ። ቢጫው አልተነቃነቀም።

ሐምሌ 1 እና 2

ኦርሌአን ላይ ዕረፍት። ዕረፍት ሲባል ግን ተኝቶ መዋል አይደለም፤ ሰውነቱ እንዳይተሳሰር አንድ ሁለት ሰዓት በዝግታ ይጋልባሉ። በማግስቱ ሴን አማን ሞንሮን ላይ ፊሊፕሰን የመጀመሪያ ድሉን አገኘ፤ ቢኒያም ሁለተኛ።

ሐምሌ 3፣ ሌ ሊዮራን፣ 211 ኪሎ ሜትር

በማሲፍ ሳንትራል ተራሮች ውስጥ 4 ሺህ 350 ሜትር ሽቅብ። ፖጋቻር ከመጨረሻው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ፑይ ማሪ ላይ ተነሳ፤ ሁሉም አለቀ ብሎ ነበር። ቪንጌጎር ግን በሚቀጥለው አቀበት፣ ፔርቱ ላይ፣ ደረሰበት፤ ሁለቱ አብረው ገብተው በፍትጊያ አሸነፈው። ከሦስት ወር በፊት በባስክ አገር ውድድር ላይ ወድቆ ሳንባውና የጎድን አጥንቱ የተጎዳ ሰው ነው፤ መስመሩ ላይ እንባ የተናነቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሒሳቡ ግን ያተረፈው 1 ሰከንድ ነው። በመጨረሻው መስመር በ10 እና በ6 መካከል 4 አገኘ፤ ፔርቱ ጫፍ ላይ ፖጋቻር 8 ሲወስድ እሱ 5 ስላገኘ 3 አጣ። ከ1 ደቂቃ ከ15 ወደ 1 ደቂቃ ከ14። አሸናፊው ማን እንደሆነ ቴሌቪዥኑ ይነግራል፤ ማን ምን ያህል እንዳተረፈ የሚነግረው ሠንጠረዡ ነው።

ሐምሌ 4፣ ቪልነቭ ሱር ሎት፣ 203.6 ኪሎ ሜትር

ሦስተኛ ድል! ቢኒያም ፋን አርትንና ፊሊፕሰንን ቀድሞ ገባ። በዚህ ጊዜ ማንም ድንገተኛ ነው አላለም። በአውሮፓ የሚኖሩ ኤርትራውያን ባንዲራቸውን ይዘው በየከተማው መንገድ ዳር መሰለፋቸው እየበዛ መጥቷል።

ከመስመሩ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ፕሪሞዥ ሮግሊች ወደቀና 2 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ አጣ። በሜዳ ቀን በመጨረሻዎቹ 3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የወደቀ ወይም ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው አብሮት የነበረው ቡድን የገባበት ሰዓት ይያዝለታል። የሮግሊች ግን ከዚያ መስመር ውጪ ነው። በማግስቱ አልተነሳም።

ሐምሌ 5፣ ፖ

ፊሊፕሰን ሁለተኛ ድሉን ወሰደ። ሕመምም ጭፍራው ውስጥ ገብቷል፤ ከፖጋቻር አጋዦች አንዱ የሆነው ሁዋን አዩሶ በኮቪድ ምክንያት ተሰናበተ።

ሐምሌ 6 እና 7፣ ፒሬኔ

ፕላ ዳዴ ላይ ፖጋቻር በ39 ሰከንድ፣ በማግስቱ ፕላቶ ደ ቤይ ላይ በ1 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ። ልዩነቱ 3 ደቂቃ ከ9 ደረሰ። ፕላቶ ደ ቤይ 15.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአማካይ 7.9 በመቶ። ማርኮ ፓንታኒ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣበትን ሰዓት ፖጋቻር ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለው፤ ቪንጌጎር ራሱ ከዚያ ሰዓት በታች ነው የወጣው።

ለዚህ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም፤ አመጋገቡ ግን ትልቅ ድርሻ አለው። ድሮ ጋላቢ በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ከወሰደ ይበቃው ነበር፤ አሁን ከ90 እስከ 120 ግራም ይወስዳሉ፤ በጄልና በኮዳው ውስጥ በተበጠበጠ ስኳር። ሆዱ በልምምድ ካልተዘጋጀ ይህን አይቀበለውም፤ ይነፋዋል፣ ያስመልሰዋል። የሚበላው ደግሞ ሳይርብ ነው። ከራበው በኋላ የወሰደው ጄል አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ሳይቆይ አይሠራም፤ በዚያ ደቂቃ ውስጥ ተራራው አልቋል።

ፈጣን ጨራሾቹ በእነዚህ ቀናት የሚጋልቡት ከኋላ፣ ግሩፔቶ በሚባለው ስብስብ ውስጥ ነው። ተቀናቃኞች እንኳ እዚያ ይተባበራሉ። ሜዳና ቁልቁል ላይ ፍጥነቱን ይጠብቃሉ፣ ሽቅብ ላይ ማንም እንዳይነጠል እኩል ይወጣሉ፣ የሰዓት ገደቡን ከመኪናው በሬዲዮ እየሰሙ ያሰላሉ። ፊት ያለው ሰው እንደ ፖጋቻር ሲፈጥን የእነሱ ገደብ ይጠብባል። አረንጓዴ ማሊያ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በፍትጊያ ሳይሆን እዚህ ነው።

ሐምሌ 9፣ ግሩዊሳን – ኒም

ከዕረፍቱ ማግስት፣ ለፈጣን ጨራሾች የቀረው የመጨረሻ ቀን። ከዚህ በኋላ እስከ ኒስ ሜዳ የለም። ለዚህም ነው ሁሉም ፊት ለመሆን የተጋፋው። ከመስመሩ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር አንድ አደባባይ አለ። ቢኒያም እዚያ መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ማሊያው ተቀደደ፣ ክርኑና ጉልበቱ ደሙ ወጣ። ተነስቶ በዝግታ ገባ። ፊሊፕሰን አሸነፈ፤ 50 ነጥብ።

የሦስት ኪሎ ሜትሩ ሕግ ሰዓቱን አድኖለታል። ነጥብን ግን አያድንም፤ ነጥብ የሚሰጠው መስመሩን ለተሻገሩበት ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ልዩነቱ ማታ 32 ሆነ፤ 376 ለ344። በቀሩት አምስት ቀናት መጨረሻ መስመር ላይ ሁለቱም ነጥብ የማግኘት ተስፋቸው ትንሽ ነው፤ የሚቀረው የመንገድ መካከሉ መስመር ነው፤ በቀን ቢበዛ 20። እና የተጎዳ ጉልበት፣ ሦስት የአልፕስ ቀን፣ የሰዓት ገደብ።

ሐምሌ 10 እና 11

ሱፐርዴቮሉዊ ላይ ካራፓዝ ከፊት አምልጦ አሸነፈ። በሦስቱም ታላላቅ ዙሮች፣ በጣሊያን፣ በስፔንና በፈረንሳይ፣ የቀን ድል ያለው ሆነ። በማግስቱ ባርሴሎኔት ላይ ቪክተር ካምፔናርትስ። ቢኒያም ጉልበቱን ታስሮ ፊሊፕሰንን በዓይኑ ይጠብቃል፤ እሱ ለመንገድ መካከል ነጥብ ከተነሳ ይነሳል፣ ካልተነሳ ጉልበቱን ይቆጥባል። መከላከል ይህን ይመስላል፤ የሚያጨበጭብለት የለም፣ ግን ሥራ ነው።

ሐምሌ 12፣ አምብራን – ኢዞላ 2000

ሲም ደ ላ ቦኔት 2 ሺህ 802 ሜትር፤ የዘንድሮው ጣሪያ። 22.9 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው፣ እና ከ2 ሺህ ሜትር በላይ አየሩ ይሳሳል፤ በሜዳ የሚያወጡት ኃይል እዚያ አይገኝም። የነጠብጣቡ ማሊያ በነጥብ የፖጋቻር ነበር፤ ቢጫ ለብሶ ስለሚጋልብ ሌላ ሰው ለብሶለት ቆይቷል፤ ሁለት ማሊያ ያለው የሚለብሰው የሚበልጠውን ነውና። ካራፓዝ ዛሬ ከፊት አምልጦ፣ በየጫፉ ነጥብ ለቅሞ፣ ማሊያውን በሕጋዊ ባለቤትነት ወሰደ። ፖጋቻር ከፊት የነበሩትን አንድ በአንድ እያለፈ፣ መጨረሻም ማቴዮ ዮርገንሰንን ሊገባ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ደርሶ አልፎት፣ አሸነፈ። ዮርገንሰን ቀኑን ሙሉ ለሠራው ሥራ 21 ሰከንድ ጎደለው። ቪንጌጎር ልዩነቱ 5 ደቂቃ ከ3 ሆነ።

ሐምሌ 13፣ ኮል ደ ላ ኩዮል

132.8 ኪሎ ሜትር፤ አጭር ቀን ነው፣ ለግሩፔቶ ግን አጭር ቀን ክፉ ቀን ነው። የአሸናፊው ሰዓት ሲያጥር የሚጨመረው ደቂቃም ያጥራል። ፊት ፖጋቻር ቪንጌጎርን በ7 ሰከንድ ቀደመ። ቢኒያም በገደቡ ውስጥ ገባ።

ሐምሌ 14፣ ሞናኮ – ኒስ፣ ክሮኖ፣ 33.7 ኪሎ ሜትር

ቱሩ በክሮኖ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ያኔ ግሬግ ለሞንድ ሎራን ፊኞን በ8 ሰከንድ ቀድሞ ነበር የወሰደው። ዘንድሮ ያን ያህል የሚያንቀጠቅጥ ልዩነት የለም። ፖጋቻር ቪንጌጎርን በ1 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ቀድሞ ስድስተኛ የቀን ድሉን ወሰደ። ጠቅላላ ሰዓቱ 83 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ፤ ቪንጌጎር በ6 ደቂቃ ከ17፣ ኤቨንፑል በ9 ደቂቃ ከ18። ጂሮውን (የጣሊያኑን ዙር) እና ቱሩን በአንድ ዓመት ያሸነፈ ከፓንታኒ 1998 ወዲህ አልነበረም። ነጩ የኤቨንፑል፣ ነጠብጣቡ በ127 ነጥብ የካራፓዝ፣ የቡድኑ የዩኤኢ ቲም ኤሚሬትስ። ከ176ቱ 141 ደረሱ።

ቢኒያም ዛሬ ሲነሳ 33 ነጥብ ይመራ ነበር። ክሮኖ ለአንደኛ የሚሰጠው 20 ነው፤ ስለዚህ ፊሊፕሰን ቀኑን ቢያሸንፍ እንኳ አይደርስበትም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መስመሩን መሻገር። ያላጠናቀቀ ሰው ነጥቡ በሙሉ ይሰረዛል። በላ ቱርቢና በኮል ዴዝ ሽቅብ ሳይጣደፍ ወጣ፣ ወደ ባሕሩ ዳር በጥንቃቄ ወረደ፣ ገባ። 387 ለ354። አረንጓዴውን እስከ መጨረሻ የያዘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ከኒም በኋላ በነበሩት አምስት ቀናት ቢኒያም የጨመረው 11 ነጥብ ነው፤ ፊሊፕሰን 10። ሁለቱም ሦስት ሦስት ቀን አሸንፈዋል። ለቢኒያም ከሦስቱ ድሎች የመጣው ቢበዛ 150 ነው። የተረፈው 237 የመጣው ሁለተኛና አራተኛ፣ ዘጠነኛ ከገባባቸው ቀናትና ካሜራ ብዙም ከማያተኩርባቸው የመንገድ መካከል መስመሮች ነው።